መርፌ የፈራው ምልምል

ሙሊንጌ ከኪቱዪ ተነሥቶ ወደ ወታደር ማሰልጠኛው ሲገባ ሃያ ዓመቱ ነበር። አባቱ በእንግሊዞች ዘመን ወታደር ነበሩ፤ እስኪሞቱ ድረስ ካኪ ኮታቸውን ሳይለብሱ ገበያ ወጥተው አያውቁም። ልጃቸው እግሩ ጠንካራ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሆኖ ስላደገ የመንደሩ ሰው «ይኼ የተወለደው ለጠመንጃ ነው» ይል ነበር። በምልመላው ቀን ሦስት መቶ ጎረምሳ በባዶ እግሩ ሜዳውን ሲዞር ሙሊንጌ አራተኛ ወጣ። ጥርሱን ቆጠሩ፣ ደረቱን ለኩ፣ ውስጥ እግሩን ገልብጠው አዩ። መርፌ ትፈራለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ቢጠየቅም አይናገርም ነበር። በሰባት ዓመቱ የሳምባ ምች ይዞት ሦስት ሰዎች ጨምድደው ይዘውት ለአሥር ቀን ጠዋትና ማታ ተወግቷል። ከዚያ ወዲህ መርፌ ባየ ቁጥር ዓይኑ ይጨልማል። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው እንኳ ታናሽ እህቱን ለክትባት ይዞ ሄዶ ራሱን ስቶ ወድቋል። ነርሷ ሕፃኗን ትታ እሱን ስታራግብ፣ ተራ ይጠብቁ የነበሩ እናቶች ሲስቁ፣ ያ ሳቅ ከጆሮው ሳይወጣ ነው ያደገው። በማሰልጠኛው ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ከጓዱ ሁሉ ቀድሞ ገመድ የሚወጣው እሱ፣ የደከመውን ሰው ጠመንጃ የሚሸከመው እሱ፤ ጓደኞቹ በቀልድ «ጄኔራል» ይሉታል።

ከጎኑ ያለው አልጋ የሲሚዩ ነበር። ሲሚዩ ከቡንጎማ፣ ከኤልጎን ተራራ ግርጌ የመጣ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ባገባ በሦስተኛው ወር ነው የተመለመለው። ስለ ሚስቱ ስለ ናሊያካ ካልተጠየቀ አያወራም፤ ከተጠየቀ ደግሞ አያቆምም። ሰልፍ ላይ ግራና ቀኝ ሲምታታበት ሙሊንጌ ከኋላው በሹክሹክታ «ግራ! ግራህን አንተ ሰውዬ!» ይለዋል። ሲሚዩ በፈንታው የሙሊንጌን ቦት ጫማ እንደ መስታወት እስኪያብረቀርቅ ይወለውልለታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ወንድማማች ሆኑ።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ ምልምሎቹ እንደ አለቃ ሁሉ «አፋንዴ» የሚሉት አሠልጣኛቸው፣ አሥር አለቃ ኦዴራ፣ ሰልፉን ከመበተኑ በፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«ነገ ጠዋት ቁርስ እንደበላችሁ ክሊኒኩ ፊት ለፊት!» አለ። «ትከተባላችሁ። አንዱ ለታይፎይድ፣ አንዱ ለመንጋጋ ቆልፍ፣ ግራና ቀኝ ክንድ። ዓርብ ዕረፍት ነው፤ ምክንያቱም ዓርብ ክንዱን ማንሣት የሚችል አይኖርም። እናቱን የሚጠራ ካለ አሁኑኑ ይጥራት፤ ነገ ጊዜ የለኝም!»

ሰዉ ሳቀ። ሙሊንጌም ሳቀ። 

እራት ላይ ወሬው ሁሉ መርፌ ሆነ። ከናይሪ የመጣው ንጁጉና የሚባለው ቀልደኛ ማንኪያውን እንደ መርፌ ይዞ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ የሰው ክንድ ይወጋል።

«የእኔ አጎት ተወግቶ» ይላል ንጁጉና፣ «በአንድ ክንዱ ገብቶ በሌላው ወጣ! ልብስ መስቀያ አደረጉት!»

ዞሮ ዞሮ ሙሊንጌ ጋ ደረሰ። የሙሊንጌ ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎው፣ እንደተቆለለ ነው፤ ጎመኑንም አልነካውም።

«ኧረ ጉድ! ጄኔራሉ አልበሉም!» ብሎ ጮኸ ንጁጉና። «ምነው ጌታዬ? ማን አስደነገጠዎ? ወይስ እኚህ ደረት ለመርፌ አልተሠሩም?»

ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ አየው። ያቺ ክሊኒክ፣ ያ የእናቶች ሳቅ፣ ድንገት መጥቶ ሙሊንጌ ጆሮ ላይ ጮኸ። አንድ ነገር ማለት ነበረበት፤ ያገኘውን አለ።

«እኔ የማስበው ሌላ ነው» አለ፣ ሳህኑን በእርጋታ ገፋ እያደረገ። «አጎቴ ሚሲዮን ሆስፒታል እንደሚሠራ ነግሬያችኋለሁ አይደል? የዚህን መርፌ ነገር እሱ ነው ያጫወተኝ። ተዉት ግን፣ ይቅር።»

«ምን ይቀራል? ተናገር እንጂ!» አሉት።

«ወታደር ልጅ በልጅ ሲሆን መንግሥት ቤት መስጠት፣ ማሳከም፣ ማስተማር አለበት። ስለዚህ ከታይፎይዱ ጋር የሚቀላቅሉት ነገር አለ። ያመክናል።»

ንጁጉና ማንኪያውን አወረደ።  ሙሊንጌ ከአፉ የወጣውን ሲሰማ ራሱም ገረመው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአጎቱ ሰምቶ አያውቅም። አጎቱ የሆስፒታል ወለል ጠራጊ ነው፤ ስለ መርፌ ተናግሮም አያውቅም። ነገር ግን ማንም እየሳቀበት አልነበረም። እፎይ አለ።

ሲሚዩ ጎንበስ ብሎ «እውነትህን ነው?» አለው በዝግታ።

ሙሊንጌ ዓይኑን አየው። ያኔ «ቀልዴን ነው አንተ ጅል» ቢለው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«አጎቴ አይዋሽም» አለ።

ወሬው በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም የመኝታ አዳራሾች አዳርሶ፣ አድጎና ፋፍቶ ተገኘ። ሻይ ላይ ሙሊንጌ የራሱን ውሸት ከሌላ ጓድ ምልምል አፍ ሰማው፤ በዚያኛው ላይ ደግሞ ሰውየው ጡት ያበቅላል ተብሏል። ክሊኒኩ ፊት ለፊት ሁለት መቶ ሰው ሲሰለፍ ግማሹ ያጉረመርማል፤ ስሙ ሲጠራ ወደፊት የሚራመድ ጠፋ። ኦዴራ ጮኸ፣ ዛተ፤ አልሆነም።

በመጨረሻ ዶክተሩ ወጡ። ሻምበል ሸሪፍ የሞምባሳ ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ባለ መነጽር፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ።

«የሰማሁት ነገር አለ» አሉ። «እኔ ይህን መርፌ ስድስት ጊዜ ተወግቻለሁ። አምስት ልጆች አሉኝ። ሚስቴ ደግሞ በመርፌው ላይ እምነት አጥታለች፤ ያመክናል ብለኸኝ አልነበረም ወይ ትለኛለች።»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ዶክተሩም እጅጌያቸውን ሰብስበው በሰው ሁሉ ፊት ተወጉ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ዐይን ዐይናቸውን እያየ፣ እየተገፋፋም ቢሆን፣ መግባት ጀመረ። ኦዴራ ግን በሰልፉ መሐል እየተመላለሰ «ይህን ወሬ ያመጣው ማነው?» እያለ ይጠይቃል። ንጁጉና ሰማይ ሰማይ ያያል። ሲሚዩ መሬት መሬት ያያል። ማንም የሙሊንጌን ስም አልጠራም።

ክሊኒኩ ፊት በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ነበር። በመጀመሪያው ጸሐፊው ስም ጠይቆ ካርድ ላይ ማኅተም ይመታል፤ በሁለተኛው ሃምሳ አለቃ ኪፕኬሜይ የሚባለው የሕክምና ባለሙያ ይወጋል። ሙሊንጌ ማኅተሙ ተመትቶለት ሁለተኛው ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ላቡ በጀርባው ይወርድ ነበር። ኪፕኬሜይ ቀና ብሎ አየውና ገባው፤ ስንት ሺ ክንድ የወጋ ሰው ነው።

«ወዲያ ዞር በል፣ በሩን እይ» አለው ለብቻው በሚሰማ ድምፅ። «እናትህ ስማቸው ማነው?»

«ካሉንዴ…»

«ስንት ላም አላቸው?»

«ሁለት። አንዷ ነጭ—»

«በቃ። ሂድ፣ አልቋል።»

ሙሊንጌ ግራና ቀኝ ክንዱን አየ። ከእሾህ አይብስም ነበር። ለዚህ ነው እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ የተገላበጠው፤ ለዚህ ነው ያን ሁሉ የዘበዘበው። ከድንኳኑ ሲወጣ ከህመሙ ይልቅ እፍረቱ ያቃጥለው ነበር። ወዲያው ከኋላው ኳ አለ፤ ሰው ወደቀ። የወደቀው ንጁጉና ነው፤ ያ ማንኪያ ይዞ ሲዞር ያመሸው። ማኅተሙን አስመትቶ ተራውን ይጠብቅ የነበረው ሲሚዩ ዘሎ አነሣው፣ ተሸክሞ ወደ ዛፉ ጥላ አወጣው፣ ውኃ አጠጣው።

ከዚያ በኋላ ሲሚዩ ወደ ድንኳኑ አልተመለሰም።

ይህን ሙሊንጌ ያወቀው ዓርብ ዕለት ነው። አዳራሹ ሙሉ ክንዱ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት ሲያቃስት፣ ሲሚዩ ለሁሉም ውኃ ያመላልሳል። የሙሊንጌ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ።

«አመለጥኳቸው» አለ። «ካርዴ ላይ ማኅተሙ አለ፤ መርፌው የለም። አንተ ባትነግረን ኖሮ እኮ አልቆልኝ ነበር! ለአንተስ በጣም አዘንኩ። በግድ ነው የወጉህ አይደል?»

ሙሊንጌ ጣሪያውን ያያል። ትንፋሹን ሰብስቦ ሊነግረው አፉን ከፈተ፤ «ፈርቼ ነው» የምትለዋ ቃል ግን አልወጣ አለች። ይህ ሰው እኮ «ጄኔራል» እያለ ጫማ የሚወለውልለት ሰው ነው።

«አዎ» አለ። «በግድ ነው።»

ነገ እነግረዋለሁ ብሎ አሰበ። በነጋታው ግን ሩጫ ነበር፤ በማግስቱ ተኩስ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ዙር ክትባት እንዳለ ስለሰማ፣ ያኔ አስከትበዋለሁ እያለ ራሱን አጽናና። እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት አለፈ፣ የሚያስታውስበትም ቀን እያነሰ ሄደ።

በአምስተኛው ሳምንት ጓዱ በሙሉ የማሰልጠኛውን የከብት በረት እንዲያጸዳ ታዘዘ። ሲሚዩ እበት ሲያፍስ የዛገ ምስማር የጎማ ጫማውን በስቶ ተረከዙ ውስጥ ገባ። ሙሊንጌ ምስማሩን ነቀለለት፣ ትከሻውን አስደግፎ ክሊኒክ ወሰደው። ኪፕኬሜይ ቁስሉን እያጠበ ካርዱን እንዲያሳየው ጠየቀ፤ ማኅተሙን አየና ግን ወዲያው አላስቀመጠውም።

«በረት ውስጥ ነው የወጋህ?»

«አዎ አፋንዴ።»

«የመንጋጋ ቆልፍ መርፌህን ተወግተሃል አይደል? ካልተወጋህ አሁን የመርዝ ማርከሻ እሰጥሃለሁ። ቁጣ የለም፣ ቅጣትም የለም። እውነቱን ብቻ ንገረኝ።»

ሲሚዩ መልስ ከመስጠቱ በፊት ዞር ብሎ ሙሊንጌን አየው። ምን ልበል እንደማለት ነበር። ሙሊንጌ በሩ ጋ ቆሟል፤ እጁ ላይ የሲሚዩ ደም አለ። ኪፕኬሜይ ጀርባውን ሰጥቶ ጥጥ ያዘጋጃል። ክፍሉ ውስጥ ከሦስቱ በቀር ሰው የለም። «አልተወጋም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ከዚያ ግን «ለምን አልተወጋህም?» ይመጣል፤ ከዚያም «ማን ነገረህ?»፤ ከዚያም አጎትየው፣ ከዚያም…

ሙሊንጌ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ተወግቻለሁ አፋንዴ» አለ ሲሚዩ።

በመንገድ ላይ ሲሚዩ እያነከሰ «የመርዝ ማርከሻ ያለው ያው መርፌ ነው አይደል?» አለው። ሙሊንጌ «እኔ ምን ዐውቃለሁ» አለና ፍጥነቱን ጨመረ፤ ወዲያው ደግሞ የሚያነክስ ሰው እንደያዘ ትዝ አለውና ቆመለት።

ቁስሉ በአራት ቀን ዳነ። በዘጠነኛው ቀን ቁርስ ላይ ሲሚዩ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ቆየና አልበላውም።

«ምነው፣ ናሊያካ ናፈቀችህ?» አለው ንጁጉና።

«አፌ አልከፈት አለኝ» አለ ሲሚዩ በጥርሶቹ መሐል። ሊስቅም ሞከረ፤ ፊቱ ግን ፈገግታው ላይ እንደ ተጣበቀ ቀረ። «አንገቴም ደረቀብኝ። በንፋስ ተኝቼ ነው መሰለኝ።»

ሙሊንጌ ኩባያውን እንደያዘ ተነሣ። ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ፤ አልተሰማውም። ሮጠ። በሰልፍ ሜዳው መሐል፣ መርገጥ በተከለከለበት፣ ኦዴራ ከኋላው እየጮኸበት ሮጠ። ክሊኒኩ በር ላይ ኪፕኬሜይን ሲያገኘው ትንፋሽ አጥሮት ነበር።

«ሲሚዩ አልተወጋም!» አለ። «ማኅተም ብቻ ነው! መንጋጋው ያዘው! እኔ ዐውቅ ነበር። የዚያን ቀን እዚህ ቆሜ ዐውቅ ነበር አፋንዴ!»

ኪፕኬሜይ ለአፍታ አየው። አልተሳደበም። ወደ ውስጥ ጮኾ አምቡላንስ አስነሣ፣ መርፌውን በቦርሳ ይዞ ወጣ። ሲያልፍ ግን «ዘጠኝ ቀን» አለ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ።» ሙሊንጌ በሕይወቱ ብዙ ስድብ ሰምቷል፤ እንደዚያች ቃል የገባበት ግን የለም።

ሲሚዩን ወደ ከተማው ሆስፒታል ወሰዱት። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሻምበል ሸሪፍ ሙሊንጌን አስጠሩት። ኦዴራ በሩ ጋ ቆሟል።

«ወሬውን ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎ አፋንዴ።»

«አጎትህ ነው የነገረህ?»

«አጎቴ ምንም አልነገረኝም።»

«ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

ሙሊንጌ ቀጥ ብሎ ቆመ። «መርፌ ስለምፈራ ነው» አለ።

ኦዴራ ከበሩ በኩል «ምን?» አለ፤ በቁጣ ሳይሆን፣ በትክክል ያልሰማ መስሎት።

«መርፌ እፈራለሁ አፋንዴ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ መጥረግ ጀመሩ።  «አንድ ሰው ያመለጠ እንደሆነ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሌሎችም አሉ ማለት ነው። እኔ ብጠይቃቸው አይነግሩኝም። አንተ ትጠይቃቸዋለህ። እኔ ፊት እንዳልከው አድርገህ፣ ሳትቀንስ፣ ለሁሉም ትነግራቸዋለህ። የቀረውን ቅጣት አዛዡ ይወስናል።»

ሁለት መቶዎቹ ምልምሎች በሰልፍ ቆመው ሙሊንጌ ፊታቸው ወጣ። ያ ከሩቅ የሚሰማ ድምፁ ከዳው፤ የመጀመሪያውን ሲናገር ከኋላ «አይሰማም!» አሉት። ደገመው። መርፌ ፈርቼ ነው፣ ወሬውን ከራሴ ፈጥሬ ነው፣ አጎቴ ወለል ጠራጊ ነው አለ። ሳቁ ከፊት መስመር ተነሥቶ እስከ ኋላ ሄደ። «ጄኔራል!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሙሊንጌ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ የሲሚዩን ነገረ፤ ማኅተሙን፣ ምስማሩን፣ ክሊኒኩ በር ላይ ግድግዳ ማየቱን ሁሉ። አሁን የሚስቅ አልነበረም፤ ሳቁ ግን ይሻለው ነበር።

«ያልተወጋ ካለ ይውጣ» አለ። «እባካችሁ።»

መጀመሪያ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ አንድ ወጣ። ከዚያ ሁለት። በአጠቃላይ አሥራ አንድ ሰው ወጣ። የመጨረሻው ንጁጉና ነበር፤ ያን ቀን ራሱን ስቶ የወደቀው ሳይወጋ እንደሆነ ለማንም ሳይናገር ቀርቷል። በሙሊንጌ አጠገብ ሲያልፍ አላየውም።

ሙሊንጌ የአሥራ አራት ቀን እስራት ተፈረደበት። ሲፈታ፣ ኪፕኬሜይ ሆስፒታል መድኃኒት ሊያመጣ ሲሄድ በመኪናው ይዞት ሄደ።

ሲሚዩ መጋረጃው በተዘጋ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ነበር። በር ሲንኳኳ፣ ማንኪያ ሲወድቅ፣ ሰውነቱ እንደ ቀስት ይለመጥ ስለነበር ሰው በባዶ እግሩ ነው የሚገባው። አሁን ከሞት ተርፏል፤ አጥንትና ቆዳ ሆኗል እንጂ። በሩ ላይ አባቱ ምዜ ባራሳ ቆመው ነበር። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ሙሊንጌ ስሙን ሲነግራቸው ፊታቸው በራ።

«አንተ ነህ? ነርሷ ነግራኛለች!» አሉ፣ ሁለት እጁን ይዘው። «ሮጦ የተናገረ ልጅ ባይኖር ኖሮ አንድ ቀን አያድርም ነበር ብላኛለች። ልጄን ያተረፍክልኝ አንተ ነህ! እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ፣ ካሁን በኋላ ቤቴ ቤትህ ነው።»

ምስጋናው እንደ ፍም ነበር። ሙሊንጌ እጁን መንጠቅ ፈለገ፤ ሽማግሌው ግን አጥብቀው ይዘውታል። ከኋላቸው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ወጣት ሴት፣ ናሊያካ መሆን አለባት፣ ዕንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለችለት። ይህንን ይዤ ብመለስ ማን ያውቅብኛል አለ ሙሊንጌ በሆዱ። እንደገና ሊዋሽ መሆኑን ሲያውቅ ገዛ ራሱ ቀፈፈው።

«አባቴ፣ እጄን ይልቀቁኝ» አለ። «ካልለቀቁኝ አልናገርም።»

ለቀቁት። ቆሞ ነገራቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ጫማቸውን መሬት ላይ አኑረው ቀስ ብለው አጠለቁ፣ ወደ ግቢው ወጡ፣ ዛፍ ስር ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ናሊያካ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«መርፌ?» አለች። «መርፌ ብቻ ፈርተህ?»

«አዎ እህቴ።»

«እኔ እኮ ደብዳቤ ስጽፍለት ስለ አንተ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ጓደኛ አገኘ ብዬ።»

ሲሚዩ ሁሉን ሰምቶ ነበር። ሙሊንጌ ጠጋ ሲልለት ዓይኑን ከፈተ። ድምፁ ገና ከጥርሱ መሐል ነው የሚወጣው።

«ወሬው ግድ የለም» አለው። «ሰው ሲፈራ ብዙ ይላል። እኔም ፈርቼ ነው የሸሸሁት። ክሊኒኩ ውስጥ ግን ዞሬ አየሁህ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ምን ልበል ብዬ ነው ያየሁህ። አንተ ግድግዳውን አየህ።»

 ሲሚዩ ዓይኑን ጨፈነ። ሙሊንጌ ኪፕኬሜይ ከበሩ እስኪጠራው ድረስ እዚያው ቆመ፤ ይቀመጥ ያለው ሰው ስላልነበረ አልተቀመጠም።

ሲሚዩ በሁለተኛው ወር ድኖ ወጣ። ነገር ግን ያ ሁሉ መወጠር የጀርባውን አጥንት ስለጎዳው ለውትድርና አትሆንም ተብሎ ወደ ቡንጎማ ተሸኘ። ሙሊንጌ ሥልጠናውን ጨርሶ ወታደር ሆነ። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈለት፤ መልስ አልመጣም። በየጊዜው ክትባት ሲኖር ቀድሞ ይሰለፋል፤ ዓይኑ መጨለሙን ግን አልተወም። አዲስ ወታደር ሲፈራ ካየ «እኔም እፈራለሁ፣ በሩን በሩን እይ» ይለዋል። ከዚያ ያለፈ ነገር አይናገርም።

በአምስተኛው ዓመት አሥር አለቃ ሆኖ የዕረፍት ፈቃድ ሲያገኝ ወደ ኪቱዪ መሄድ ሲገባው በቡንጎማ አውቶቡስ ተሳፈረ። ቤቱን ጠይቆ አገኘው። ግቢው ተጠርጓል፤ በሙዝ ተክሉ መሐል ሁለት ትንንሽ ልጆች ዶሮ ያሳድዳሉ። ሲሚዩ ጀርባው ጎበጥ ብሎ፣ በዱላ ተደግፎ ከበቆሎው ማሳ ወጣ። የመጣውን ሰው ሲያይ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ዱላውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኙን ዘረጋ።

ናሊያካ ወንበር አወጣች፣ ውኃ አመጣች፣ ዶሮ ታረደ። ምዜ ባራሳ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል ከሞቱ። ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ በቆሎ ዋጋ፣ ስለ ንጁጉና፤ እሱ ደግሞ በሠራዊቱ ወጥ ቤት ተመድቦ እዚያም ሰው ያስቃል። ሲሚዩ የሚገባውን ሁሉ አደረገ። ስጋውን መርጦ አቀረበለት፣ ሻዩን ራሱ ቀዳለት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም።

ሙሊንጌ ሊሄድ ሲነሣ እስከ በሩ ሸኘው። በመንገዱ ላይ ሙሊንጌ፣ አንዴ እንኳ ያ «አንተ ሰውዬ» የሚባባሉበት ጊዜ ቢመለስ ብሎ፣ «ግራህን አንተ ሰውዬ» ሊል አሰበና አፈረ። ሲሚዩ ዱላው ላይ ተደግፎ ፈገግ አለ፤ የእንግዳ አሸኛኘት ፈገግታ ነበር።

«እንግዲህ አፋንዴ» አለ፣ «ስለመጡልን እናመሰግናለን። በሰላም ይግቡ። እናትዎንም ሰላም ይበሉልን።»

አንቱ ነበር ያለው። ሙሊንጌ «እሺ» አለና አቧራማውን መንገድ ይዞ ወደ አውቶቡሱ ወረደ።